ቀምሼ የሰጠሁት ክኒን

ለስደት የወጣን ዕለት ማታ እናታችን ጠላውን ስትቀዳ፣ እንደ ልማዷ ከዋንጫው በመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ለወንድሜ ለእንየው ሰጠችው። ሮብ ገበያ አካባቢ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚቀዳ ሰው ራሱ ሳይቀምስ ለሌላ አይሰጥም። መርዝ እንደሌለበት ማሳያ ነው። ለገዛ ልጆቿ እንኳ አልተወችውም። እንየው ሳቀባት።

«እናታለም፣ እኛንም ትመርዢናለሽ እንዴ?»

«ዝም ብለህ ጠጣ! የሚቀምስልህ ሰው የሌለበት አገር ነው የምትሄደው።»

ለጎረቤት ግን «ሉማሜ ሠርግ አለብን» ብለን ነበር። መንገደኛ መንገዱን አይናገርም፤ ዓይን አለ፣ ወሬ አለ። አንዷ ጎረቤታችን «ሙሽራዋ የማን ልጅ ናት?» ብትለኝ ጊዜ አፌ ላይ የመጣልኝን ስም ሰጠኋት። እስከ ዛሬ «ያቺ ሙሽራ ወለደች?» እያለች እናቴን ትጠይቃታለች አሉ። እሷም ጠርጥራ ነው እንጂ ስለ ሙሽራዋ አስባ አይደለም።

መተማን ካለፍን በኋላ ያለውን በረሃ ብዙ ሰው ነግሯችኋል፣ እኔ አንዷን ብቻ ልንገራችሁ። ሹፌሩ ብዙ እንዳንጠጣ ብሎ ውሃችን ላይ ቤንዚን ይጨምርበት ነበር። እንየው ጀሪካኑን አሸተተና «ይሄ መርዝ ነው፣ ሞቼ እገኛለሁ አልጠጣም» አለ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። በመዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ፣ ፊቴን ሳላኮሳትር ቀመስኩለት። ጠጣ። ከዚያ ወዲህ እኔ ያልቀመስኩትን ነገር አፉ አያስገባም። እና ሐኪሞች «ወንድምሽ መቼ ነው መጠራጠር የጀመረው?» ሲሉኝ ምን እንደምመልስ ግራ ይገባኛል። ያ ውሃ እኮ እውነትም ቤንዚን ነበረበት!

አሁን ያለነው ጀርመን፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ብርድ እንደሆነ የጮቄ ተራራ ሥር ልጆች ነን፣ አይገርመንም። ግን የእኛ ብርድ ሲነጋ ፀሐይ ይወጣበታል፤ የዚህኛው ቀኑን ሙሉ እንደተኮሳተረ ይመሻል። ዳቧቸው የከረመ የገብስ ዳቦ ነው የሚመስለው፣ ጠንካራና ኮምጣጣ። ሰላምታ ቢሆን እንኳ በተርሚን ነው፣ ቀጠሮ ማለታቸው ነው። የአገሬ ሰው ካጋጠመኝ ደግሞ ሳም ሳም አድርጎኝ፣ ገና ዞር ከማለቱ ስልኩን ያወጣል። ለማን ይሆን የሚደውለው?

እኔ ሽማግሌዎች በሚጦሩበት ቤት አልጋ አነጥፋለሁ። እንየው መጋዘን ገብቶ ነበር፤ «ካርቶኑ ላይ ስሜን እየጻፉ ነው» ብሎ ተወው። ቀጥሎ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈነ። ቀጥሎ ጣሪያው ላይ ቀይ መብራት ብልጭ የምትልበትን ክብ ዕቃ ካልሲ አለበሰው። አከራያችን መጥቶ አየው።

«ይሄ ካልሲ ምንድን ነው?»

«ወንድሜን መብራቱ እንቅልፍ ነሳው።»

«ይሄ እኮ የጭስ ጠቋሚ ነው! ጭስ ሲያገኝ ይጮኻል።»

«ለማን ነው የሚጮኸው?»

«ለእናንተ ነዋ!»

«ቤታችን ሲጨስ እኛ አናየውም?»

«ሕግ ነው» አለኝ። እዚህ አገር ሕግ ነው ከተባለ ወሬው አለቀ። ካልሲውን አውልቆ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ሰጠኝ። ሳቁብኝ አትሳቁብኝ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ እኔም ልብሴን የምቀይረው መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነው።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሴት ናት ሐኪሟ። አስተርጓሚ ይጠራልሽ፣ የአገርሽ ሰው ነው አሉኝ። «የየት አገር ልጅ ነው?» አልኩ። እሱን መጠየቅ አይፈቀድም። እንግዲያው ይቅርብኝ! የእንየው ነገር ከዚያ ክፍል ከወጣ፣ እኛ ቤታችን ሳንደርስ ወሬው ሉማሜ ሻይ ቤት ይደርሳል። አባታችን መሪጌታ ነው፤ «የመሪጌታ ልጅ አበደ» ሊባል ነው። በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ራሴ አስተረጎምኩ። ሐኪሟ «ሕመሙ ስም አለው፣ መድኃኒትም አለው» ብላ ማታ ማታ የሚዋጥ ክኒን ሰጠችን።

እንየው ክኒኑን የሻይ ሳህን ላይ አስቀምጦ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«እታለም፣ አንቺ ቀምሰሽዋል?»

ምን ላድርግ? ክኒን እንደ ጠላ መዳፍ ላይ ጠብ አይልም። ዓይኑ እያየ ዋጥኩት። ሌላ አወጣሁ፣ እሱም ዋጠ።

እንዲህ ሆነን ከረምን። እንየው እንቅልፍ ያዘው፣ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አወረደ፤ እንዲያውም አንድ ቀን የአባታችንን ዜማ ሲያንጎራጉር ሰማሁት። እኔ ግን ምላሴ ከበደኝ፣ እግሬ እንደ ጭቃ መንገድ ያዘኝ። አንድ ጠዋት ሥራ ቦታ አንዲት አሮጊት ትከሻዬን ነካ ነካ አድርገው «የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ የእኔ አልጋ ነው» ሲሉኝ ነቃሁ።

ክኒኑ ከቀጠሮው በፊት አለቀ። ሐኪሟ ፊቷን ቅጭም አደረገች።

«ምን አደረጋችሁት? ሸጣችሁት?»

«በስመ አብ! በላነው እንጂ።»

«ማንና ማን?»

«እኔና እሱ።»

መነጽሯን አወለቀች። «እርስዎም ይታመማሉ?»

«የለም፣ እኔ ቀማሽ ነኝ።»

የጠላውንም የቤንዚኑንም ነገር በእጄም በአፌም አስረዳኋት። ብዙ ጻፈች። ስለ እሱ ትጻፍ ስለ እኔ አላወቅሁም፤ አንገቴን ባስረዝም ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች፦ ለእኔ አደገኛ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ላቁም። እሱ ካቋረጠ ግን ሕመሙ ያገረሽበታል፣ ሆስፒታል መተኛት ሊኖርበት ነው። ክኒኑን ካልወደደ በወር አንዴ የሚወጋው መርፌም አለ።

ተረጎምኩለት። እንየው ፈገግ አለ።

«መርፌውንስ ማን ይቀምሰዋል?»

ይቺን ለሐኪሟ አልተረጎምኩላትም።

ዕለቱን ለእናቴ ደወልኩ። እስከዚያ ድረስ «ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው» ስላት ነበር የከረምኩት።

«አንቺ ትርንጎ፣ ልጄን ቀብረሽው ነው የምትዋሺኝ?» አለችኝ ገና ድምፄን እንደሰማች።

ነገርኳት፣ ሁሉንም። ቀጥሎ የጠበቅሁት መጣ።

«ማን ነው ያስነካብኝ?»

«ማንም አላስነካውም፣ ሕመም ነው።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ጠበልስ?»

«የት አግኝቼ?»

«እና መድኃኒቱን አንቺ ቀምሰሽ ነው የምትሰጪው?»

«ሐኪሟ ከለከለችኝ።»

«እንግዲያው እኔ አለሁ። ፊቴን የሚያይበትን ስልክ ከአክስትሽ ተውሼ እመጣለሁ።»

ማታ እናቴ በስልኩ መስታወት ውስጥ ዋንጫዋን ይዛ ብቅ አለች። በመዳፏ ጠብ አድርጋ ፉት አለችና «በል ልጄ፣ ቀምሼልሃለሁ፣ ዋጥ» አለችው። እንየው ስልኩን አገላብጦ አየ።

«እታለም፣ እሷ ናት ወይስ መልኳን ሠርተው ነው?»

«አንተ ከይሲ!» አለች እናቴ፣ «በሕፃንነትህ የጎረቤት ቅል ሰብረህ ደጀ ሰላም የተደበቅኸውንም ሠርተውታል?»

ሳቀ። ዋጠ። እኔ ወጥ ላማስል መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እንደዚያ ነን። ሐኪሟ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም።

ዛሬ ግን አገር ቤት ኔትወርክ የለም። ስደውል ያቺ የስልኩ ሴትዮ «ማግኘት አይቻልም» ትለኛለች። እንየው ይቺን ሴትዮ ድሮም አያምናትም። «ማን ነው ቁጭ ያደረጋት?» ይለኛል። ክኒኑ ሳህኑ ላይ ነው። ደግሜ ደወልኩ፣ ያው ናት። ስልኩን ሳህኑ አጠገብ አስቀምጬ መልሼ አነሳሁት፤ ዓይኑ ከእጄ ላይ አልተነሳም።

ተነሥቶ ከቧንቧው ውሃ ቀዳ። በመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰና ብርጭቆውን ዘረጋልኝ።

«ጠጪ፣ እታለም። ቀምሼልሻለሁ።»

ጠጣሁ። ክኒኑ አሁንም ሳህኑ ላይ ነው። እንደገና እየደወልኩ ነው።