ለአባቴ ዘይት ያልኩት ውስኪ

የስደት ወሬ ሁሉ ከሌሊት ይጀምራል፤ የእኔ ግን ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ በሐጂ ከድር ሚኒባስ ነው የጀመረው። ሐጂ ከድር ባሌ ጎባ ጎረቤታችን ናቸው፤ ከጎባ ሮቤ ሲመላለሱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ መጠጥ የሚባል ነገር በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሰው። ሻንጣዬን ራሳቸው ጣራው ላይ አስረው፣ ሞተሩን አስነስተው፣ አባቴ እስኪወጣ ይጠብቁ ነበር። እኔም እየጠበቅኩ ነበር። በመጨረሻ ኮቱን አጣሞ ቆልፎ ብቅ አለ። ገና ሦስት እርምጃ ርቆኝ ሳለ አረቄው ሸተተኝ።

"ዛሬን እንኳ፣ አባዬ?" አልኩት።

"ዛሬማ ስለምትሄጂ ነው።"

"ትናንትናስ?"

"ትናንትና ነገ ትሄዳለች ብዬ።"

እናቴ ከሞተች ወዲህ ምክንያት አጥቶ አያውቅም። ስንቴ ሐጂ ከድር ከየመንገዱ አንስተው፣ ጋቢና አስቀምጠው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ በር ላይ አድርሰውልናል። እኔም በሩን ከፍቼ ተቀብዬ፣ ጫማውን አውልቄ፣ በማግስቱ ምንም እንዳልሆነ ሰው ክሊኒክ ሥራዬ ገብቻለሁ። የላብራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። የሰው ሁሉ ደም መርምሬ የአባቴን ጉበት መመርመር ፈርቼ ነው የኖርኩት።

ያን ጠዋት ግን ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ "እስክትተወው ድረስ አልደውልልህም" አልኩት። ሐጂ ሰምተዋል። አባቴም "እሺ" አለ፣ ሁልጊዜ እንደሚለው። ሳልስመው ገባሁ። ይሄንን የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁም፣ እንደኔ ወጥታችሁ ለቀራችሁም ስለሆነ አልደብቅም፤ ሳልስመው ነው የገባሁት።

ሮቤ መናኸሪያ ሐጂ ከድር ሻንጣዬን አውርደው "ነጋን ገሊ፣ ልጄ፤ በሰላም ግቢ" አሉኝ። "አባትሽን ለእኔ ተዪው።" ከአውቶቡሱ ረዳት ጋር ደግሞ የት እንደምሄድ ሲያወሩ፣ ሰውየው "እንግዲህ ከባሌ ወደ ባሌ በያ!" ብሎ መናኸሪያውን በሳቅ ሞላው። እውነቱን ነው፤ ባሌ ሰሎሞን ከአራት ዓመት በፊት ስኮትላንድ ገብቶ እዚያ ዓሣ ፋብሪካ ይሠራል፤ ወረቀቱን ጨርሶ ነው የጠራኝ። ዲንሾ ስንደርስ ጉም ገብሱን ሸፍኖታል። ዓይኔን ጨፍኜ አለፍኩት።

የረዳቱ ቀልድ ስኮትላንድ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። እንግሊዝኛዬ ለመናገር አይበቃም እንጂ ለመስማት ይበቃል። የኢሚግሬሽን መኮንኑ በስልክ አስተርጓሚ አቀረበልኝና ከየት እንደመጣሁ፣ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀ። እኔም ደክሞኝ፣ ሳላስብ፣ "ከባሌ ነው የመጣሁት፤ ወደ ባሌ ነው የምሄደው" አልኩ። አስተርጓሚዋ ከባሏ መጥታ ወደ ባሏ ትሄዳለች ብላ ነገረችው።

መኮንኑ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ስንት ባል ነው ያለሽ?"

"አንድ ባልና አንድ አገር" አልኩ።

አስተርጓሚዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። እሱ ግን አልሳቀም፤ ብዙ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብቻ ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ቢሮ ሁሉ ስለ ትዳሬ አጥብቀው ይጠይቁኛል።

የገባሁባት ከተማ ትንሽ ናት፣ ባሕር ዳር ያለች። ዝናቧ እንደ ጎባ ዝናብ መጥቶ፣ ደብድቦ፣ ይቅርታ ጠይቆ አይሄድም፤ አብሮን ይኖራል። ድንቹ ድንች ነው፣ ግን ሚጥሚጣ የሚባል ነገር በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። ፖሪጅ የሚሉት ገንፎ አላቸው፤ መሀሉ ጉድጓድ የለውም፣ ቅቤም አያውቅም። አከራያችን ሚስተር ዶናልድ መጀመሪያ ቀን "ከአፍሪካ መጥተሽ ይሄን ብርድ እንዴት ትችይዋለሽ?" ብሎ አዘነልኝ። አገሬ ደጋ መሆኑን፣ ብርድ ከልጅነቴ እንደማውቅ፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ እንደሚያድር በኩራት አስረዳሁት። ጥር ላይ ማሞቂያው ተበላሽቶ ስደውልለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አንቺማ ብርድ ለምጃለሁ ብለሽኛል።" ሦስት ሳምንት በጃኬት ተኛን። ከዚያ ወዲህ ስለ አገሬ የአየር ጠባይ ለማንም አላወራም።

ሥራ ያገኘሁት ከወደቡ አጠገብ ያለ አንድ የውስኪ ሱቅ ነው፤ ወለል ላጸዳ። ባለቤቱ ኢየን የሚባል ሽማግሌ ነው። ከወለል እስከ ጣራ ጠርሙስ። የመጀመሪያ ቀን መወልወያውን ይዤ ቆሜ፣ ከአባቴ አምልጬ የአባቴ ማከማቻ ውስጥ ገባሁ ብዬ አሰብኩ።

አንድ ቀን ወለሉን እያጸዳሁ ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ከድር ናቸው። ከሰላምታ በኋላ "ልጄ፣ አባትሽ ዛሬ አርባ ቀኑ ነው" አሉኝ። መወልወያው ከእጄ ወደቀ፤ እዚያው ባልዲው አጠገብ ቁጭ አልኩ። አርባው! ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ሳልሰማ! ጩኸቴን ሰምተው ነው መሰል "ላ ላ ላ! ካልጠጣ፣ ካልጠጣ አርባ ቀኑ! አልሐምዱሊላህ፣ አጠገቤ ተቀምጧል!" አሉ። ለካ ማታ ማታ፣ መጠጥ ቤት የሚሄድበት ሰዓት ሲደርስ፣ ጋቢና ጭነውት ከጎባ ሮቤ፣ ከሮቤ ጎባ ሲያመላልሱት ነው የከረሙት። አባቴ ስልኩን ተቀብሎ "እንግዲህ ትደውያለሽ" አለኝ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ከዚያ በየሳምንቱ መደወል ጀመርኩ። "ሥራሽ ምንድን ነው?" ሲለኝ "ሱቅ" አልኩት። "ምን ይሸጣል?" ጠርሙሶቹን ቀና ብዬ አየሁና "ዘይት" አልኩ። "ዘይት እንዲህ ይፈለጋል?" "እዚህ አገር አዎ።"

ኢየን ቀስ በቀስ ከወለል ወደ ባንኮኒ አወጣኝ። አንድ ነገር ግን አጥብቆ ያዘ። "የሚሸጥ ሰው የራሱ ውስኪ ሊኖረው ይገባል" አለኝ። "እኔ የቱ ጥሩ እንደሆነ ለማንም አልነግርም። ፈልጊና የአንቺን አግኚ።"

"አልጠጣም።"

"ጠጪ አላልኩም። አሽቺ።"

ማሽተት እችልበታለሁ፤ ላብራቶሪ ዓመታት አሽትቻለሁ፣ የባሰውንም። እንዲህ አስተማረኝ፦ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ ትቀጃለሽ፤ አፍንጫሽን አትነክሪም፣ አፍሽን ገርበብ አድርገሽ ከላይ ታሸቻለሽ። ከዚያ ሁለት ጠብታ ውሃ። ከዚያ ትጠብቂያለሽ፣ ሲከፈት ሌላ ነገር ይሆናል። ዕድሜውን አትዪ፣ ዋጋውን አትዪ፣ ሰው ያደነቀውን አትስሚ። ያሸተትሽውን በራስሽ ቃል ጻፊ።

በአማርኛ ጻፍኩ። ከደሴት የመጣው፣ ብቅሉን በረግረግ አፈር ጭስ ያደረቁት፣ ክሊኒካችንን ሸተተኝ፤ አዮዲንና ፋሻ። በወይን በርሜል የከረመው፣ ጎብኚው ሁሉ የሚሻማበት፣ እዚያው ባሌ ያለውን የጊኒር ገበያን፤ ቴምር፣ ዘቢብ፣ አዲስ ቆዳ። ኢየን ተርጉሚልኝ ብሎኝ ስነግረው "ጊኒር የት ነው?" አለ። በማግስቱ አንድ ጀርመናዊ ባልና ሚስት ፊት ቆሞ "ይሄኛው ጊኒር ጊኒር ይላል" ሲል ሰማሁት። ገዙት።

አንድ ቀን ገና ያልከረመ፣ ውሃ የመሰለ ውስኪ ከፈተልኝ። አንዴ ብቻ ነው ያሸተትኩት። የሞቀ ብቅል፣ የሚያቃጥል እህል፣ የአባቴ ኮት። ብርጭቆውን አስቀምጬ ዝናቡ ላይ ወጣሁ። ኢየን ጥቂት ቆይቶ ጃንጥላ ይዞ መጣ።

"ማነው?" አለኝ።

"አባቴ።"

ራሱን ነቀነቀ። "እኔ ወንድሜን ቀብሬበታለሁ" አለ። ጃንጥላውን ሰጥቶኝ ራሱ እየራሰ ተመለሰ።

የእኔን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ብዙ ወር ቆይቼ ነው። ታች መደርደሪያ፣ ማንም የማይጠይቀው። ደረቅ ነው። እንደ ተቆላ ገብስ ይጀምራል፣ ትንሽ ጨው ይላል፣ ከዚያ ይተውሻል። ምላስ ላይ አይንዘላዘልም። ኢየን "ቶሎ ያልቃል፤ እንከኑ እሱ ነው" አለኝ። እኔ ደግሞ ቶሎ ማለቁን ነው የወደድኩት። ቀኑን ሙሉ ፈገግ ብዬ ቆሜ ውዬ ለምገባ ሰው፣ መጥቶ፣ ሰላም ብሎ፣ የሚሄድ ነገር ደግ ነው። ያን ቀን ቀመስኩት። ደክሞኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት ብሰጣችሁ ውሸት ነው።

ጠርሙሱን ይዤ ቤት ገባሁ። ደንብ አወጣሁ፤ ቅዳሜ ብቻ፣ ግማሽ ቀን ሠርቼ ስወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንዲት መለኪያ ከሁለት ጠብታ ውሃ ጋር። ሰሎሞን ቅዳሜ ፋብሪካ ነው፤ ብቻዬን መስኮቱ አጠገብ እቀመጣለሁ። ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ከስንት ዓመት በኋላ ከሰው ሳልጠይቅ "ይሄ የእኔ ነው" ያልኩት ነገር እሱ ነበር።

ስድስት ወይም ሰባት ቅዳሜ እንዳለፈ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ማክሰኞ ላይ ሆኜ ቅዳሜን እቆጥራለሁ። ልፈትሽ ብዬ አንድ ቅዳሜ ጠርሙሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ሰሎሞን ሲገባ ጫማውን በር ላይ አወለቀ።

"እዚህ አታውልቅ አላልኩህም!" ብዬ ጮኽኩበት።

ደንግጦ ቆመ። "አስቴርዬ፣ ከመጣሽ ጀምሮ እዚሁ ነው የማወልቀው።"

እውነቱን ነው። ጫማውን ይዤ ተንበረከክኩና ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። ራሴን በላብራቶሪ ዓይን አየሁት፤ ውጤቱን ለመናገር ሐኪም መጥራት አያስፈልግም ነበር።

በማግስቱ ለአባቴ ደወልኩ። ስለ ድንቹ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ሐጂ ከድር የጉልበት ሕመም አወራን። ከዚያ "አባዬ፣ ሱቁ ዘይት አይሸጥም" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"እንዴት?"

"ባንኮኒ ላይ ቆመሽ የተነሳሽውን ፎቶ ለሐጂ ልከሽ የለ? አሳዩኝ። 'ወላሂ፣ ይሄ ዘይት አይመስለኝም' አሉ።"

"እኮ ከተላከ ዓመት ሞላው! ለምን ዝም አልክ?"

"አንቺስ በእኔ ስንት ዓመት ዝም ብለሻል?"

ስለ ቅዳሜ ነገርኩት። መለኪያዋን፣ ሰዓቱን፣ ጫማውን፣ ሁሉንም።

"አንዲት ብቻ?" አለ።

"አንዲት ብቻ።"

"ትጠብቂያታለሽ?"

የሰው ሁሉ ጥያቄ ስንት ጠጣሽ ነው። እሱ ግን የሚጠየቀውን ያውቃል። "አዎ" አልኩት።

"እንግዲያስ ቅዳሜ፣ በዚያች ሰዓት፣ ለእኔ ደውዪ" አለኝ። "እኔ ጋቢና አለኝ፤ አንቺ ምን አለሽ?"

ይኸው ይሄን ሁሉ ወር እንደዚያው ነን። እዚህ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጎባ አሥራ ሁለት ይሆናል። ሐጂ ይነዳሉ፣ አባቴ አጠገባቸው ተቀምጦ ያወራኛል፤ ማን ሞተ፣ ማን ዳረ፣ ገብሱ ዘንድሮ እንዴት ነው። አንዳንዴ ሰዓቷ ሳላያት ታልፋለች። አንዳንዴ ስልኩን ዘግቼ እቀዳለሁ። ድኛለሁም፣ ታምሜአለሁም ብዬ ልጽፍላችሁ አልችልም።

ባለፈው ቅዳሜ ሐጂ ከድር አመማቸውና ሚኒባሱ አልወጣም። አባቴ ቤት ብቻውን ነው። ወሬው ቶሎ አለቀበት። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ፣ የድሮ ወዳጁን ሰው እንዳይሰማው እንደሚጠይቅ።

"ለመሆኑ፣ አስቴር" አለኝ፣ "ጣዕሙ እንዴት ነው?"

ይሄን ጥያቄ በቀን ሃያ ጊዜ እመልሳለሁ፤ በእንግሊዝኛ፣ ለማላውቀው ሰው፣ በፈገግታ። ስልኩ ጥርት ብሎ ይሰማል። ጎባ ዝናብ እየጣለ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሳይቀር ይሰማኛል።

"አባዬ፣ ኔትወርኩ ተቆራረጠ" አልኩት። "አይሰማኝም።"

"ሃሎ?" አለ። "አስቴር? ሃሎ?"

እየሰማሁት ዝም አልኩ። እሱም አልዘጋውም።