ለሌላዋ የተረፈው ኪኒን

ጣቢታ አንድ ቆርቆሮ ነበራት። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ ጠበቅ ያለ፣ ከአልጋዋ ራስጌ የማይጠፋ። ውስጡ ያለው ግን ወተት አልነበረም። ግቢው ውስጥ የታመመች ሴት ሁሉ ሲሻላት የተረፋትን ኪኒን እያመጣች እዚያ ታኖራለች፤ ሌላዋ ስትታመም ደግሞ መጥታ ትወስዳለች። ጠባቂዋ ጣቢታ ስለሆነች «ዶክተር» ይሏታል። ቀልድ ነው፤ ግን ስሙን ትወደው ነበር።

ግቢው ዓለም ገና ከተማ፣ ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ የሚገኘው የኦቦ ቦጂያ ግቢ ነው። ኦቦ ቦጂያ ድሮ ጤፍ የሚዘሩበትን ጓሮ ክፍል በክፍል ሠርተው ለፋብሪካ ሠራተኞች አከራይተውታል። ተከራዮቹ አብዛኞቹ ከወላይታና ከሃዲያ የመጡ ሴቶች ናቸው። አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ይሠራሉ፣ እሑድ አንድ ቸርች ይሄዳሉ፣ ጨውና በርበሬ ይበዳደራሉ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባሉ ያደጉ ናቸው። ታዲያ ወጥ የሚካፈል ሰው ኪኒን ሊነፍግ ነው?

ቆርቆሮው የሚሞላውም የሚጎድለውም በአንድ በሽታ ምክንያት ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ለአንድ የስፌት መስመር አንድ የመውጫ ካርድ አለ፤ ሽንት ቤት መሄድ የምትችለው ካርዱን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ብቻ ናት። አንዷ እስክትመለስ ሌላዋ እግሯን አጣብቃ ትሰፋለች። ሴቶቹ ለዚህ ብልሃት አበጁለት፤ ውሃ አለመጠጣት። ብልሃት ከተባለ ማለቴ ነው። ሙቀቱ እያጠወለጋቸው፣ ከንፈራቸው እየደረቀ ይውሉና ማታ ቤታቸው ሲገቡ ሽንታቸው እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥላቸዋል። «ብርድ ነው» ይላሉ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ለማያውቁት ሰው «ሽንቴን አቃጠለኝ» ማለት፣ በተለይ ላላገባች ልጅ፣ ከሕመሙ ይብሳል። ሰው ምን ይላል? ቆርቆሮው ግን ምንም አይጠይቅም።

ጣቢታ ከፋብሪካው ጥሩ ሰፊዎች አንዷ ናት። ባሏ ኤልቃና ሱሉልታ ላይ ሕንፃ ይለስናል፤ ቅዳሜ ማታ መጥቶ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ይመለሳል። አምና ፅንስ ወርዶባታል። ስለዚያ ብዙ አታወራም። ዘንድሮ ያረገዘችው ሰባት ወር ሲሞላው፣ አምና ሰፍታ የደበቀችውን የሕፃን ቀሚስ አውጥታ አጠበችው። ከዚያ በላይ ለማድረግ አልደፈረችም።

ግን በዚህ እርግዝና ውስጥ «ብርዱ» ደጋግሞ ተነስቶባታል። በተነሳ ቁጥር ከቆርቆሮው ታወጣለች፣ ሁለት ቀን ትውጣለች፣ ማቃጠሉ ሲተዋት የቀረውን መልሳ ታኖራለች። ሁሉንም መጨረስ ስስት ይመስላት ነበር። ስለዚህ እንደገና ሲነሳባት አልደነገጠችም፤ የለመደችውን አደረገች። ይኼኛው ግን አልተዋትም። ማቃጠሉ ወደ ወገቧ ወጣ፣ ከወገቧ ወደ ጎኗ ዞረ።

ፀሐይ አናት በሚበሳበት እኩለ ቀን በሯ ላይ ጋቢ ተከናንባ ስትንቀጠቀጥ ያገኟት የኦቦ ቦጂያ ባለቤት ወይዘሮ ተረፈች ናቸው።

«ኢንተላ ኮ! ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ልጄ?»

«ብርድ ነው እማማ፣ ይለቀኛል። ኪኒን ውጫለሁ።»

ግንባሯን ነኳት። «እሳት ሆነሻል እኮ! የምን ብርድ!» ቀጥለው እጃቸውን ሆዷ ላይ አሳረፉ፤ ሆዷ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ አገኙት። ከዚያ በኋላ ጥያቄም አላበዙ፣ ባጃጅ አስቁመው ደግፈው አስገቧት። መንገዱ ኮረኮንች ነውና ባጃጁ በዘለለ ቁጥር ጣቢታ ሆዷን በሁለት እጇ ታቅፋ «ጌታ ሆይ፣ ይህንን አትውሰድብኝ» ትላለች። ሌላ ጸሎት አልመጣላትም።

ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላካት። ሆስፒታሉ አስተኛት፣ ግሉኮስ ሰካላት፣ ያለ ጊዜው የመጣውን ምጥ የሚያስታግስ መድኃኒት ሰጣት። ሽንቷን ወስደው ውስጡ ያለውን ተህዋስ ማብቀል ጀመሩ፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለማየት ነው። ያ ደግሞ ቀናት ይፈጃል። እስከዚያ የጀመሩላት መርፌ ትኩሳቱን አላወረደውም። ምጡ ይመጣል፣ ይሄዳል። ኤልቃና ከሱሉልታ ኖራ እንደነካው መጥቶ ከአልጋዋ ሥር ተቀመጠ፤ ሁለቱም ስለ አምናው አላነሱም፣ ሁለቱም ስለ አምናው ነበር የሚያስቡት።

ውጤቱን ይዛ የመጣችው ሲስተር ዕድላዊት የምትባል ነርስ ናት።

«እስካሁን ምን ምን ወስደሻል?»

ጣቢታ የምትመሰገን መስሏት፣ «ብዙ አልወስድም ሲስተር» አለች። «ሲሻለኝ ወዲያው አቆማለሁ። የቀረውን ለሌላ ሰው ነው የማኖረው።»

ሲስተር ዕድላዊት አልተቆጣችም። የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ወደ ኤልቃና ዞረች። «ሱሉልታ ነው የምትሠራው አይደል? ዳገት የሚሮጡትን ልጆች ታያቸዋለህ?»

«በየቀኑ።»

«ዳገቱ አጋማሽ ላይ ደካማው ይቀራል። ጫፍ የሚደርሰው ጠንካራው ብቻ ነው። ይህም ተህዋስ እንደዚያው ነው። በሁለት ቀን ኪኒን ደካማው ይሞታል፣ ሰውዬው ተሻለኝ ይላል፤ ጠንካራው ግን ተርፎ ይራባል። በሚቀጥለው ጊዜ የሚነሳው የእሱ ዘር ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ የጣቢታ ተህዋስ ኪኒኖቹን ሁሉ ተላምዷል። ያ የጀመርንላት መርፌም አልነካውም።»

«የቀረ የለም?» አለ ኤልቃና።

«አንድ አለ። በደም ሥር የሚሰጥ ነው። ፅንሱንም አይጎዳም።»

«እሱም እምቢ ካለስ?» አለች ጣቢታ።

«እሱም እምቢ እንዳይል ነው አንድም ሳትቀር እስከ መጨረሻው የምትወስጂው።»

ሲስተር ዕድላዊት ከወጣች በኋላ ጣቢታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የፈራችው ለሆዷ ነበር፤ አሁን ግን ቆርቆሮው ትዝ አላት። ከእጇ ተቀብለው የዋጡት የግቢው ሴቶች፣ እያመሰገኑ የወጡት ሁሉ አንድ በአንድ ፊቷ ድቅን አሉባት። አለቀሰች። ኤልቃና አመማት ብሎ ነርሷን ሊጠራ ተነሳ።

አዲሱ መድኃኒት ያዘላት። ትኩሳቱ ወረደ፣ ሆዷ ላላ፣ የልጁ ልብ ትርታ በመሣሪያው ሲሰማ ኤልቃና እንደ ልጅ ሳቀ። ጣቢታ እስከ መጨረሻው ጠብታ ተኝታ ወሰደችና፣ እንደ አዲስ ከተነሳባት ቀሪው አማራጭ ጥቂት መሆኑ በደንብ ተነግሯት፣ ሆዷን እንደያዘች ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ኤዶም መጣች። ኤዶም ከቦዲቲ በቅርብ የመጣች፣ ያላገባች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ናት። «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ብላ ሳመቻትና፣ ዓይኗን ወደ ቆርቆሮው ጣል አደረገች።

«እህት ጣቢታ፣ እኔንም ብርዱ ጀመረኝ። ትንሽ ስጪኝ።»

«አልሰጥሽም።»

ኤዶም ቀልድ መስሏት ሳቀች። ጣቢታ ግን አልሳቀችም።

«ሳትመረመሪ አይሆንም ኤዶምዬ። እኔ ምን እንደሆንኩ አይተሻል።»

«ለአንቺ ሲሆን ይኖራል፣ ለእኔ ሲሆን የለም?» አለች ልጅቷ። «ብቻውን የበላ...» ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ወጣች።

ጣቢታ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ለምኗት እምቢ ብላ አታውቅም። ከምጡ ይልቅ ያ አመማት። በነጋታው ጠዋት ግን ቆርቆሮውን በፌስታል ይዛ፣ ኤዶምን በእጇ ይዛ፣ ሁለቱንም ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። ቆርቆሮውን እንዲያስወግዱት ለፋርማሲው ሰጠች። ኤዶምን የሽንት መመርመሪያ ኩባያ አስይዛ ወደ ሽንት ቤት አስገባቻት።

ኤዶም ገብታ ቀረች። ጣቢታ በሩን ብታንኳኳ፣ በስንጥቁ አንድ ዓይን ብቻ ታየ። «አልወጣም» አለች ኤዶም። ወረፋው ላይ የቸርቻቸው ሴቶች ተቀምጠዋል፤ በዚያ ሁሉ ዓይን መሐል ሽንት በኩባያ ይዞ ማለፍ የሚሆንላት አይደለም። ጣቢታ እጇን በበሩ ሰደደችና ኩባያውን ተቀበለቻት። ሆዷን አስቀድማ፣ ኩባያውን ከፍ አድርጋ በአግዳሚዎቹ መሐል አለፈች።

«ደግሞ ተነሳብሽ እንዴ?» አለች አንዷ እህት።

«እርጉዝ ሴት ምን የማይነሳባት አለ!» አለች ጣቢታ፣ ሳትቆም። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ዝቅ ብላ ለላቦራቶሪው ልጅ «ስሙን ኤዶም ብለህ ጻፍ» አለችው። ኤዶም ባዶ እጇን ከኋላ ትከተላት ነበር።

ከቀናት በኋላ ውጤቱ ሲመጣ የኤዶም ተህዋስ ገና መድኃኒት አልተላመደም፤ ተራ ኪኒን እንደሚበቃት ነግረው፣ ተሻለኝ ብላ እንዳታቆም አስጠንቅቀው ሸኟት። ጣቢታም እፎይ አለች።

ከሁለት ቀን በኋላ ኤዶም ከፈረቃ ወጥታ እየሳቀች መጣች። በለስላሳ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ጣቢታ ጭን ላይ አስቀመጠች።

«ተሻለኝ! የቀረውን ለአንቺ አተረፍኩልሽ። ቸርች ጸልዬበታለሁ። እንደገና ቢነሳብሽ ለልጁ እንዳትፈሪ ብዬ ነው።»

ጣቢታ ወረቀቱን ፈታችው። ከግማሽ በላይ ኪኒን አለ። መጀመሪያ ልትቆጣት ነበር፤ ቀና ስትል ግን የልጅቷን ፊት እንዲያ ሲያበራ አየችው። ቆርቆሮው ውስጥ የገባው ሁሉ እንዲህ ያለ ፊት ይዞ ነበር የገባው። ራሷም እንደዚያ ነበር የምትሰጠው።

ተነስታ በብርጭቆ ውሃ ቀዳች፣ አንዱን ኪኒን አወጣችና ዘረጋችላት።

«ዋጪው።»

«ለአንቺ እኮ ነው ያስቀመጥኩት።»

«አውቃለሁ» አለች ጣቢታ። «ለእኔ ብለሽ ዋጪው። ነገም መጥተሽ እዚሁ ትውጫለሽ፣ እስኪያልቅ።»

ኤዶም ግራ እንደተጋባች ዋጠች። ጣቢታም በርጩማዋን ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና፣ ውሃው ተጠጥቶ ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን አልተነሳችም።