ድንችና ጨለማ በእንጅባራ

መምህር ሆኜ እንጅባራ በተመደብኩበት ዓመት የተከራየሁት ክፍል በአንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ነበር። ከፊት የእሳቸው ቤት፣ ከኋላ ሦስት የኪራይ ክፍሎች። በአንዱ እኔ፣ በመካከለኛው አንዲት ልብስ ሰፊ፣ በጫፉ አንድ ባጃጅ ነጂ። ቆጣሪው ለሁላችንም አንድ ነው፤ ባልቦላው እሳቸው ሳሎን ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። የመብራቱ ክፍያ ከኪራዩ ጋር ስለሆነ እኛ ስለ ቆጣሪው አስበን አናውቅም። እማማ ግን ያስቡ ነበር።

መብራት ቶሎ ቶሎ ይሄድብናል። ምሽት ላይ እኔ ሽሮዬን ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጥጄ፣ ልብስ ሰፊዋ ካውያዋን ሰክታ፣ ነጂው ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ሳለ ድርግም ይላል። እማማ በራቸው ላይ ብቅ ብለው መርዶ እንደሚያረዳ ሰው በቀስታ መብራቱ መሄዱን ይነግሩናል። ቀጥለውም ጨለማ ውስጥ ብቻችሁን ምን ታደርጋላችሁ፣ ኑ ግቡ ይላሉ። ሳሎናቸው ስንገባ ፍሙ ተያይዞ፣ ድንቹ ረመጥ ውስጥ ተቀብሮ ይጠብቀናል። በዚያ ብርድ ትኩስ ድንች እምቢ የሚል ሰው አላውቅም። ልብስ ሰፊዋ ጴንጤ ነበረችና ሳትጸልይ አትበላም፤ ጸሎቷ ረዘም ስለሚል ነጂው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ድንቹን ይጠብቃል።

ከዚያ እንቆቅልሽ ነው። ጨዋታ ላይ አንቱታ የለም ብለው እማማ ራሳቸው ፈቅደውልናል። መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ እሳቸው ደግሞ አገር ያማርጣሉ። ጥሊሊን ስሰጣቸው ብርዱ እዚህም ሞልቷል ብለው መለሱልኝ። ጫግኒን ስሰጣቸው ግን ሙቀቱ ለጉልበታቸው እንደሚስማማ ተናግረው ደስ ብሏቸው ተቀበሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ከዳንግላ እስከ ዘንገና ያለውን ሁሉ ወሰዱብን። ድንቹ ሲያልቅ እኛ ወደየክፍላችን እንሄዳለን፤ በራቸውን ዘግተው ብዙም ሳይቆዩ መብራቱ ይመጣል። እማማ እግረ እርጥብ ናቸው እንል ነበር።

አንድ ምሽት መብራቱ እንደሄደ ሻማ ልገዛ ወጣሁ። የቀርከሃው አጥራችን ረጅም ነውና ከግቢ ውጭ ያለው አይታየንም። በሩን ስከፍት ሰፈሩ በሙሉ ቦግ ብሎ በርቷል። ባለሱቁ ሻማ ስጠይቀው የልደት ነው ወይ አለኝ።

ተመልሼ ለነጂው በሹክሹክታ ነገርኩት። እሱ ምንም አልገረመው።

«መብራት ከመሄዱ በፊት በርጩማ ሲጎተት ሰምተህ አታውቅም?» አለኝ።

እማማ አጭር ናቸው፤ ባልቦላው ላይ የሚደርሱት በርጩማ ላይ ቆመው ነው። የእኛን ለማጥፋት ደግሞ የራሳቸውንም ማጥፋት አለባቸው። ነጂው ነገሩን ካወቀ ሰንብቷል፤ ለምን ዝም እንዳለ ስጠይቀው ድንቹን አስቦ እንደሆነ ነገረኝ። እኔም አሰብኩትና ዝም አልኩ። ሳሎን ገብተን ተቀመጥን። ለልብስ ሰፊዋም በጆሮዋ ነገርናት፤ ያን ቀን ጸሎቷን በሳቅ አቋረጠች።

ነጂው ግን አላስቻለውም። ተራው ሲደርስ ወደ እማማ ዞረ።

«እንቆቅልሽ» አለ።

«ምን አውቅልህ» አሉ።

«በርጩማ ላይ ስትወጣ ግቢውን የምታጨልም፣ ስትወርድ ድንች የምታበላ፣ ማን ናት?»

እማማ አንድ ድንች ከረመጡ አወጡ፣ አገላበጡ፣ አመዱን እፍ አሉ፣ መልሰው ቀበሩት። ፊታቸው በፍሙ ብርሃን ሲታይ ምንም የለበትም።

«አላወቅሁትም» አሉ በመጨረሻ። «ጫግኒን ውሰድ።»

ያቺን የሚወዷትን ጫግኒ! ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እኔ ሳቄን ለማፈን ትኩስ ድንች ጎርሼ ምላሴን አቃጠልኩ። መልሱን ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ መብራቱ ለትንሽ ጊዜ ሳይጠፋ ሰነበተ። ግቢው ቀዘቀዘብን። አንድ ምሽት ፈተና ሳርም ድርግም አለ። ወዲያው የእማማ በር ተበርግዶ፣ በባዶ እግራቸው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ግቢው መሃል ቆሙ።

«ልጆቼ፣ የዛሬው የኔ አይደለም!»

የተናገሩትን ራሳቸው የሰሙት ካሉት በኋላ ነው። እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ነጂው ከግቢ ወጥቶ አይቶ ተመለሰና፣ ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ መሆኑን፣ እማማም ንጹሕ መሆናቸውን ምሎ መሰከረላቸው። ያኔ መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው፤ የአጥሩን ቀርከሃ ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ። ድንች ስላልተዘጋጀ የዚያን ዕለት የእኔን ደረቅ ዳቦ ተካፈልን።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ በግልጽ ሆነ። ምሽት ላይ በራቸው ላይ ቆመው ድንች መግዛታቸውን ይነግሩንና ላጥፋው ወይ ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ሽሮዬን አወርዳለሁ፤ ነጂው ቴሌቪዥኑን ይዘጋል። አንድ ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ከውስጥ ሆና፣ አንድ የሱሪ እግር ብቻ እንደቀራት ተናግራ ለመነቻቸው። እማማም ደረጃቸው ላይ ተቀምጠው ተኩሳ እስክትጨርስ ጠበቋት።