ዲፕሎማቱ ያልጠጡት ቡና

ዛሬ ጠዋት ከቶርንክሊፍ ፓርክ በተሳፈርኩበት አውቶቡስ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት በወረቀት ኩባያ ቡና ይዛ ነበር። ያ ያረረ ሽታ አፍንጫዬ እንደገባ የዕብራይስጥ አስተማሪዬ ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ። ሰውዬው ከሞተ ቆይቷል። አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ አልለውም።

ቤተሰቤ ከጎንደር እስራኤል፣ ከእስራኤል ደግሞ ቶሮንቶ የመጣ ነው። እናቴ ዕብራይስጡ እንዳይጠፋብኝ ብላ ኤግሊንተን ዌስት ጎዳና አጠገብ ወዳለ የእሁድ ትምህርት ቤት ላከችኝ። መንገዱ ለባቡር ተቆፍሮ ስለነበር መስኮቱ ሁሉ አቧራ ለብሶ ብርሃኑ ቡላ ይመስል ነበር። እዚያ ሳለሁ ሸማኔው አያቴ ሞተ። ሥራው ላይ ሆኖ ስለሚያንጎራጉርበት ድምፅ ለትምህርት ቤቱ የግጥም ምሽት በዕብራይስጥ ግጥም ጻፍኩ።

አስተማሪው አነበበውና በተማሪው ሁሉ ፊት «ይሄን ማን ጻፈልሽ?» አለኝ። እኔ ነኝ ስለው ሳቀ። «የእናንተ ቤት ዕብራይስጥ እዚህ አይደርስም» ብሎ ከግጥም ምሽቱ ሰረዘኝ።

እናቴ «ተይው የኔ ልጅ፣ ቲቸር ነው። ኮምፕሌን ብናደርግ ማን ይሰማናል?» አለች። እኔ ግን እንዴት እንደማዋርደው ሳስብ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

የምሽቱ የክብር እንግዳ የእስራኤል ዲፕሎማት ነበሩ። ድሩዝ ከሚባለው የአገሩ አናሳ ሕዝብ ናቸው፤ አፋቸውን የፈቱት በአረብኛ፣ ግጥም የሚጽፉት ግን በዕብራይስጥ። አስተማሪው ጎንበስ ቀና እያለ ያረረ ቡና ቀዳላቸውና «ዕብራይስጥዎ እንዴት ያምራል! ልክ ከእኛ እንደ አንዱ!» አላቸው። እንግዳው ፈገግ አሉ፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። አስተማሪው ዞር ሲል ጠጋ ብዬ የሆነውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። «በይው እስቲ» አሉኝ። ግጥሙን በሹክሹክታ አልኩላቸው።

ኩባያውን ገፋ አደረጉት።

«አልጣመዎትም?» አለ አስተማሪው ተመልሶ።

«በእኛ መንደር ጉዳይ ይዞ የመጣ እንግዳ፣ እሺ ካልተባለ ቡና አይቀምስም።»

«ምን ይፈልጋሉ ታዲያ?»

«ይህች ልጅ ከእኔ በፊት ታንብብ። እኔንም በእሷ ዕድሜ ማን ጻፈልህ ብለውኛል።»

አየህ፣ መድረክ ላይ ስሜን የጠራው ራሱ አስተማሪው ነው። ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ዓይኔን ከእሱ ላይ ሳልነቅል እያንዳንዱን መስመር እንደ ድንጋይ ወረወርኩበት። ሰው ሁሉ ሲነሳ እሱም ተነስቶ አጨበጨበ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል፤ አልዋሽህም።

ዲፕሎማቱ ሲወጡ በር ላይ ጠብቄ አመሰገንኳቸው። ትከሻዬን ያዝ አደረጉና «ጎበዝ ነሽ» አሉኝ። «ግን ያነበብሽው ለእሱ ነው። ለአያትሽም አንድ ቀን አንብቢለት።»

ያኔ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ቤት ውስጥ ማንም በሌለበት ግጥሙን ቀስ ብዬ እላለሁ። የአያቴ ድምፅ ግን አይመጣልኝም። የሚሰማኝ የዚያ አስተማሪ ጭብጨባ ነው።