ፊቱን ያላየሁበት ጨዋታ

የመጀመሪያው ምልክት አንድ ንጉሥ ነበር። ጎረቤታችን ሐሚድ ትንሽ ካርታ ጣለ፤ ተራው የባለቤቴ የገመቹ ነበርና ንጉሡን ጣለበት። ብሪጅ በሚባለው የካርታ ጨዋታ የሚከላከል ሰው ሁለተኛ ሲደርሰው ትንሹን ጥሎ ትልቁን ያቆያል። ይህን አሶሳ ውስጥ ለእኛ ለጀማሪዎቹ ያስተማረን ራሱ ገመቹ ነው፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር። «አይ መምህሬ፣ ዛሬስ አረጀህ» ብዬ በልቤ ሳቅሁበት።

ቅዳሜ ከሰዓት ማንጎው ሥር ተቀምጠናል፤ እኔና ገመቹ በአንድ ወገን፣ ሐሚድና ሚስቱ በሌላ። ገመቹ ሁለት ነገር አጥብቆ ያስተምር ነበር። አንዱ፣ ስንት ዙር እንደምናሸንፍ የምንጫረትበት ጨረታ ሲጀመር ነጥብህን ቁጠር ነው፤ አስ አራት፣ ንጉሥ ሦስት፣ ንግሥት ሁለት፣ ጃክ አንድ፤ አሥራ ሁለት ካልሞላልህ «ፓስ» ብለህ እለፍ። ሌላው፣ ከአጋርህ ጋር የምትነጋገረው በጨረታህና በካርታህ ብቻ ነው። ቅንድብ ማንሳት፣ ማጉረምረም፣ የአጋርን ፊት አይቶ የያዘውን መገመት ነውር ነው። ስለዚህ ስንጫወት ቀና ብዬ አላየውም። በዚህም እኮራ ነበር።

ካርታ ከእጁ ወደቀ። የራሴን ካርታ እያየሁ ቀጠልኩ። ሌላም ወደቀ። አላየሁትም።

«ወላሂ፣ እህቴ፣ ጨዋታ ተወው! አፉ ዞሯል!» አለ ሐሚድ። ቤርታ ነው፤ ሲደነግጥ አማርኛው ይሰባበራል።

ቀና አልኩ። የፊቱ ቀኝ ጎን ወርዷል። ሊናገር ሞከረ። ድምፅ ብቻ ወጣ።

«እናቴ፣ መቼ ነው የጀመራቸው?» አለኝ ሆስፒታል የተቀበለን ሐኪም። ሰዓት አላየሁም። ዙሩን ግን አውቃለሁ። ንጉሡ የተጣለው በሦስተኛው ዙር ነው፤ ሐሚድ የጮኸው በአሥራ አንደኛው። ጀማሪዎች ነንና አንዱ ዙር ብዙ ይቆያል። ሲቲ ስካኑ አንጎሉ ውስጥ የደም መርጋት አሳየ፤ ስትሮክ። ንግግሩን የወሰደው አፌዥያ ይባላል።

«ቶሎ ባየው ኖሮ ይናገር ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ያንን ማንም ሊነግርዎት አይችልም። ደቂቃ ግን ዋጋ አለው» አለኝ። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በፊዚዮቴራፒ የዛለው ቀኝ እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ቀኝ እጁ ግን አልታዘዝ አለ። ሐሚድ ቀርከሃ ሰንጥቆ ካርታ የሚቆምበት መደገፊያ ሠራለት፤ ገመቹም ከዚያ ላይ በግራ እጁ እየመዘዘ እንደገና መጫወት ጀመረ። መጀመሪያ የተመለሰለት ቃል «ፓስ» ነበር። ለሾርባውም ፓስ፣ ለገላ መታጠቡም ፓስ፣ ልጆቻችን ሲደውሉም ፓስ። ሰው ሲስቅ አብሬ እስቅና ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። ጫልቱ ብሎ ስሜን እስካሁን አልጠራኝም።

አንድ ቅዳሜ ጥቁር ልብ የሚመስለውን የካርታ ዓይነት መርጬ «አንድ ስፔድ» ብዬ ጨረታውን ከፈትኩ። የሐሚድ ሚስት ፓስ አለች። ገመቹ ካርታዎቹን ብዙ አያቸውና ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከንፈሩ ታገለ። «ሁለት... ስፔድ።» በጨረታ ይህ «የመረጥሽውን እኔም ይዣለሁ፣ እደግፍሻለሁ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የያዝኩት ካርታ አልታየኝም።

ሐሚድንና ያከሙትን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናንተ ግን አፍ ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ምላስ ሲተሳሰር ካያችሁ ሰዓቱን ያዙና ወደ ሐኪም ሩጡ። ጨዋታው ይበተን።

አሁን ጀማሪዎቹን የማስተምረው እኔ ነኝ። ነጥብ መቁጠር ከማስተማሬ በፊት፣ በየዙሩ የአጋራችሁን ፊት እዩ እላቸዋለሁ። ገመቹ ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፤ ደንቡ አይፈቅድም ማለቱ ነው። እኔ ግን አየዋለሁ።