የኩብራ እብጠት

ኩብራ ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ሴቶች የሚጠቀለሉበትን የሱዳን ልብስ፣ ቶብ፣ ትሸጣለች። ጨዋታ አዋቂ ናት፤ ልትገዛ ያላሰበች ሴት እንኳ ሱቋ ገብታ ባዶ እጇን አትወጣም።

ሠላሳዎቹን ስታጋምስ ክንዷና ጭኗ ላይ ከቆዳዋ ስር ለስላሳ እብጠቶች ይወጡባት ጀመር። መጀመሪያ ሽምብራ ያክሉ ነበር፤ ውለው አድረው ሎሚ አከሉ። ሲነኳቸው እንደ እሳት ይለበልቧታል።

«ሰውነትሽ ሞላ፤ ተመችቶሻል» ይሏታል ጎረቤቶቿ። አንድ የጤና ባለሙያም ዳሰስ አደረጋትና «ስብ ነው፤ ምግብ ቀንሺ» ብሎ ሸኛት። ቀነሰች። ጉንጯ ጎደጎደ፣ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ አስቸገራት፤ እብጠቶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ያመኛል ስትል «ስብ ደግሞ ያማል እንዴ!» ብለው ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ ለማንም ትንፍሽ አላለች፤ ለባሏ ለኸሊል እንኳ።

ኸሊል የሰሊጥ ነጋዴ ነው። ሰሊጥ ከሚገዛበት ከኮኪት ሲመለስ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ትከሻዋን አቅፎ ማውጋት ይወድ ነበር። እጁ ክንዷን ሲነካት ሥራ ያላት መስላ ትነሳለች። ውሎ አድሮ እሱም ራቅ ብሎ መቀመጥ ጀመረ። መልኬ አስጠላው አለች ኩብራ፤ ነገሩን በሆዷ ያዘችው።

አንድ ቀን ገበያ መሃል ጆንያ የተሸከመ ሰው ገጫት። ጮኻ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ኸሊል ሲደርስ ክንዷን ታቅፋ ታለቅሳለች። በማግስቱ ጎንደር ሆስፒታል ወሰዳት።

ዶክተር ህሊና አንዱን እብጠት ገና ጫን ስታደርገው ኩብራ የቶቧን ጫፍ ነከሰች። ሐኪሟ እጇን ቶሎ አነሳች።

«ይቅርታ፣ አሳመምኩዎት።»

ኩብራ እንባዋ መጣ። እስከዚያ ቀን ሕመሟን ያመነላት ሰው አልነበረማ።

ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ ከተመረመረ በኋላ ሐኪሟ ሁለቱንም አስቀምጣ አስረዳቻቸው። «ደርከም የሚባል ሕመም ነው። ስቡ ያለ ቦታው ያብጥና ያማል። እምብዛም ስለማያጋጥም ብዙ ሐኪምም አያውቀውም። ካንሰር አይደለም፤ ከመብላት ብዛትም አልመጣም።»

«ይድናል?» አለ ኸሊል።

«የሚያጠፋው መድኃኒት የለንም። ሕመሙን ግን እናስታግሳለን፤ የባሰውን እብጠት በቀዶ ጥገና እናወጣለን። ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችልም ከወዲሁ ይወቁት።»

ከወጡ በኋላ ኸሊል ግቢው ውስጥ ቆም አለ። «ስትሸሺኝ የነበረው ለዚህ ነው?»

«ታዲያ ለምን መሰለህ?»

«የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ? አንተን?» አለች ኩብራ። «እኔስ መልኬ አስጠልቶህ የራቅከኝ መስሎኝ አይደል!»

ኸሊል ሊስቅ ሲል ዓይኑ እንባ ሞላ። «አሁን የት ልያዝሽ?»

«መዳፌን አያመኝም» አለችና ዘረጋችለት።

ከክርኗ አጠገብ የነበረው እብጠት ወጣላት፤ ሌሎቹ አሁንም አሉ። ደህና የምትሆንበት ቀን አለ፤ ከአልጋ የማትነሳበትም አለ። እንዲህ ባለው ቀን ሱቁን የሚከፍተው ኸሊል ነው። ሴቶቹ ወይን ጠጁን ቶብ ሲሉት ቡኒውን እያወረደ ያስቃቸዋል፤ የሳቃቸው ድምፅ ከሱቁ ጀርባ ያለው ጓዳ ድረስ ሲሰማት ኩብራም በተኛችበት ትስቃለች።