ኮች ቶሎሳ ለምን ይቀመጣል?

የቡድን መሪ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን አሰልጣኝ አባረርኩ። ከዚያ በፊት አዳማ መናኸሪያ ስምሪት ክፍል ነበር የምሠራው፤ አውቶቡስ ያሰማራ ሰው የእግር ኳስ ቡድን ማሰማራት አይከብደውም ተብዬ ነው የመጣሁት። ጠዋት ከአሰልጣኙ ጋር ተዋወቅን፣ ለወዳጅነት ጨዋታ ደራ ወረድን፣ ተሸነፍን። ስንመለስ የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ መኮንን ወደ ጎን ሳቡኝና ሰውየው ሰኞ እንዳይመጣ ንገረው አሉኝ። ለምን እኔ እንደሆንኩ ጠየቅኳቸው። ገና ስላልተላመዳችሁ ይቀልልሃል አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር።

የቡድን መሪ ስሙ ትልቅ ነው። ሥራው የተጫዋቾቹን ቴሴራ መያዝ ነው፤ ቴሴራ ማለት የተጫዋች መታወቂያ ነው፣ እሱ ከጠፋ ልጁ አይሰለፍም። ማልያ ያሳጥባል፣ ውሃ ያስጭናል፣ ከሜዳ ውጭ ሲጫወቱ አልጋ ይይዛል፣ ቡድኑ ሲሸነፍ ከደጋፊ ስድብ ይቀበላል። በቦርድ ስብሰባ ላይም ይገኛል። አስተያየት ይሰጣል፣ ድምፅ ግን አይሰጥም።

አቶ መኮንን ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የሚሠሩ ከባድ መኪናዎች አሏቸው። ሾፌር ሲቀጥሩ መንጃ ፈቃዱን ትተው የክላክስ አደራረጉን ነው የሚያዳምጡት ይባላል። ይህ ሐሜት ሊሆን ይችላል፤ አሰልጣኝ የሚመርጡት ግን በትክክል እንደዚያ ነበር። አሰልጣኝ መስመሩ ላይ መቆም አለበት፣ መጮህ አለበት፣ ዳኛ ሲበድል የውሃ ፕላስቲክ መሬት ላይ መፈጥፈጥ አለበት። ደጋፊውም በዚህ ይስማማል። በንዴት የራሱን ሸሚዝ የቀደደ አንድ አሰልጣኝ ውሉ ታድሶለታል። የዚያን ዓመት ከመውረድ የተረፍነው በጭንቅ ነበር፣ ሸሚዙ ግን እስከ ዛሬ ይወራለታል።

ቀጥሎ የመጣው ዓመት ከዚያም ባሰ። ወራጅ ቀጠና ውስጥ ገብተን ተቀመጥን፣ አሰልጣኙም ተሰናበተ። ክለቡ ከወረደ እንደሚፈርስ ቦርዱ አስቀድሞ ነግሮናል፤ ልጆቹ ሥራ አጥ ሊሆኑ ነው። ስመ ጥር የተባሉት አሰልጣኞች ስልካችንን ማንሳት አቆሙ። ቶሎሳ አነሳ። ባቱ ላይ አንድ ትንሽ ቡድን ይዞ ነበር፤ ቅርብ በመሆኑና እሺ በማለቱ ብቻ ክላክሱ ሳይፈተሽ ተቀጠረ።

በመጀመሪያው ልምምድ ኮኖቹን ራሱ ደረደረ፣ ልጆቹን ሰብስቦ ቀስ ብሎ አስረዳ፣ አንዴ አሳያቸው። ከዚያ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ለአምበላችን ለነስሩ ሰጠና ወጥቶ ጥላው ሥር ተቀመጠ። ነስሩ የወሎ ልጅ ነው፣ ተከላካይ፣ ከዳኛ ጋር እንኳ የማይከራከር ዝምተኛ። ፊሽካውን ይዞ እንደ ተሰረቀ ዕቃ ሲያገላብጠው አየሁት። እኔ አሰልጣኙን አሞት ይሆናል ብዬ ውሃ ወሰድኩለት። አመሰገነኝ እንጂ ከወንበሩ አልተነሳም። በማግስቱም እንደዚያው አደረገ፣ በሚቀጥለውም።

ጨዋታ ላይም ይቀመጣል። የአዳማ ንፋስ አቧራውን እያነሳ ፊታችን ላይ ሲደፋው እንኳ ንቅንቅ የለም። ተሸነፍን፣ አቻ ወጣን፣ ደግመን ተሸነፍን። ደጋፊው ተነስ እያለ መዘመር ጀመረ። አንዱማ ከቤቱ ትራስ ይዞ መጥቶ በአጥሩ በኩል አቀበለው። ቶሎሳ ትራሱን ተቀብሎ ምስጋናውን አቀረበና ተመቻችቶ ተቀመጠበት። የዚያን ቀን የተሳቀውን ያህል ኳስ አልታየም።

ቦርዱ ሰውየው ለቡድኑ ይመጥን እንደሆነ አጣርቼ እንድናገር አዘዘኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለስምሪት ሠራተኛ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ራሱን ቶሎሳን ጠየቅኩት።

"ኮች፣ ለምንድነው የምትቀመጠው?"

"ጋሼ ከድር፣ እነዚህ ልጆች ኳስ በተበላሸባቸው ቁጥር ዞረው ወንበሩን ነው የሚያዩት። የሚሰድባቸው ሰው ለምደዋል፤ ስድቡን ሲጠብቁ ተጋጣሚ ያልፋቸዋል። እስኪተውት ድረስ እቀመጣለሁ።"

"እስከዚያ ድረስ ደግሞ ብንወርድስ?"

"እሱማ ያስፈራኛል" አለ። ሲናገር አይኔን አላየም።

ከዚያ በኋላ እኔም ጨዋታውን ትቼ የልጆቹን አንገት ማየት ጀመርኩ። እውነቱን ነበር፤ ኳስ በተነጠቁ ቁጥር ወደ እኛ ይዞራሉ። ከሳምንት ሳምንት ግን መዞሩ እየቀነሰ መጣ። ነስሩ በእጁ እየጠቆመ ተከላካዮቹን ማስተካከል ጀመረ፣ ከዚያም አልፎ አፍ አወጣ። ነጥብ ግን ያው ነው፤ አቻ፣ ሽንፈት፣ አቻ። የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። በሜዳችን ነው፣ የሻሸመኔ ቡድን ይመጣብናል፤ ካላሸነፍን ወረድን።

በዚያው ሳምንት ቦርዱ ተሰበሰበ። ያየሁትን ተናገርኩ፤ ልጆቹ ወደ ወንበሩ መዞር እየተዉ ነው፣ ሰውየው ይመጥናል አልኩ። አንድ አባል ነጥብ እንጂ አንገት አንቆጥርም አለኝ። አቶ መኮንን ረጋ ብለው ነበር የመለሱልኝ።

"ከድር፣ ሾፌር መሪ ይይዛል። ይሄ ሰው ግን ተሳፋሪ ነው።"

እጅ ወጣ፣ ተሰናበተ። የእኔ እጅ በደንቡ መሠረት ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

እንደተለመደው መንገሩ ለእኔ ተሰጠኝ። ልምምዱ ሳይጀመር ሜዳው በር ላይ ጠብቄ ነገርኩት። ቤት ተከራይቶ ሚስቱንና ልጁን ከባቱ ካመጣ ገና ወሩ ነበር። ምንም አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከመሄዱ በፊት ልጆቹን ተሰናብቶ መሄድ ይፈቀድለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ትእዛዙ እንዳይገባ የሚል ነበር፤ ያንንም ነገርኩት። አጥሩን ተከትሎ ሲሄድ አየሁትና ሥራዬን ጠላሁት።

ለጨዋታው ቀን ቦርዱ በቶሎሳ ቦታ የበረኞቻችንን አሰልጣኝ ተካ። ደግ ሰው ነው፤ ድምፁ ደግሞ ያለ ማይክሮፎን መናኸሪያ ድረስ ይሰማል። መስመሩ ላይ ቆመ፣ ጮኸ፣ ሁለት የውሃ ፕላስቲክ ፈጠፈጠ። ደጋፊው በደስታ አበደ። እኔ የቴሴራውን ቦርሳ ታቅፌ የማየው ልጆቹን ነበር። አንድም ልጅ አልዞረም። ሰውየው ወደ ቀኝ ብሎ ሲጮህ በግራ በኩል ይሄዳሉ፤ ንቀት አልነበረም፣ አልሰሙትም። ከእረፍት በፊት ግብ ሲገባብን ነስሩ ኳሱን ራሱ ከመረቡ አውጥቶ ወደ መሃል ይዞ ሮጠ፣ እየሮጠም ለእያንዳንዱ ቦታውን ነገረው። ከእረፍት መልስ አቻ ሆንን። ማብቂያው ላይ ራሱ ነስሩ የማዕዘን ምት በጭንቅላቱ አስቆጠረ።

ደጋፊው ሜዳውን ጥሶ ገባና የበረኞቹን አሰልጣኝ ትከሻው ላይ አወጣው። አቶ መኮንን አቅፈው ሳሙኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

"አየህ ከድር? ቡድን ነበረን። ሰውየው ነው አስሮ ይዞን የነበረው።"

የተሰናበተ አሰልጣኝ በሌለበት ቡድኑ አሸነፈ፤ ከዚህ በላይ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ባለ ድምፁ ሰውዬ ወዲያው ውል ፈረመ።

ለቶሎሳ ደወልኩ። ውጤቱን በሬዲዮ ሰምቷል። እንኳን ተረፋችሁ አለኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"ጋሼ፣ ግቡ ሲገባባቸው ወደ ወንበሩ የዞረ ነበር?"

"ማንም አልዞረም" አልኩት።



"ገለቶማ ጋሼ" አለኝ። ያመሰገነኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ያባረርኩት እኔ ነኝ።

ቦርዱ እስከ ዛሬ አዲስ አሰልጣኝ ሊቀጥር ሲል ይመጥን እንደሆነ ይጠይቀኛል። ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የማውቀው መለኪያ አንድ ነው። አሰልጣኙ በሌለበት ቀን ቡድኑ እንዴት እንደሚጫወት እዩ። እኛ ግን ያንን ቀን ያየነው ካባረርነው በኋላ ነው።